ማዕበል የጻፈው ውል

አዲስ ሰፈር የገባ ሰው ገና ዕቃውን ሳያደላድል ከሚጠየቃቸው ጥያቄዎች አንዱ «እድር ገባችሁ ወይ?» የሚለው ነው። ታዲያ እድር ሲመረጥ የመተዳደሪያ ደንቡን ቁጭ ብሎ የሚያነብ የለም። ጎረቤት ይጠየቃል፤ «ባለፈው እነ እንትና ቤት ሐዘን ሲገባ ድንኳኑ በሰዓቱ ደረሰ?» ደረሰ ከተባለ ይገባል። አልደረሰም ከተባለ ግን ወርኃዊ መዋጮው የፈለገውን ያህል ርካሽ ቢሆን ሌላ እድር ይፈለጋል።

እኛ ይህች ጥያቄ ውቅያኖስ ተሻግራም ትሠራለች ባዮች ነን። ዛሬ የምናወጋው ስለ ቤት ኢንሹራንስ ነው። ርእሱ እንደ ቀበሌ ማስታወቂያ ደረቅ ይመስላል፤ ታሪኩ ውስጥ ግን የከሰሩ ኩባንያዎች፣ ፍርድ ቤት የሄደ ሴናተርና ብዙዎች ያላመኑት አንድ ፋክስ አለ። ቦታው ከቴክሳስ እስከ ፍሎሪዳ ያለው የአሜሪካ የባሕር ዳርቻ ነው፤ በየዓመቱ ከጁን እስከ ኖቬምበር ሰዉ አንድ ዓይኑን ሰማይ ላይ ጥሎ የሚከርምበት አገር።

እዚያ ድረስ ምን ወሰደን? ሂውስተንን በመሰለ ከተማ ቁጥራቸው ቀላል ያልሆነ የአገራችን ልጆች ይኖራሉ። ሌሊት ሠርተው፣ ቀን ተምረው፣ ቆጥበው ቤት የገዙም አሉ። ከጎናቸው ያለው የአገሬው ተወላጅ ግን እነሱ የሌላቸው አንድ ሀብት አለው፤ ትዝታ። የትኛው ኩባንያ በየትኛው አውሎ ንፋስ ማግሥት ስልኩን እንዳጠፋ ከእናት ከአባቱ ሰምቷል። ከውጭ የመጣ ሰው ይህን አልወረሰም። በእጁ ያለው መመዘኛ ዋጋ ብቻ ነው። ዋጋ ደግሞ ሰማዩ ጥርት ባለበት ቀን የሚጻፍ ቁጥር ነው። ስለዚህ ትዝታውን ከታሪክ እንበደር ብለናል። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የሳን ፍራንሲስኮው መዝገብ

የአውሎ ንፋሱን ወሬ በእሳት መጀመራችን ያለ ምክንያት አይደለም። ኤፕሪል 18 ቀን 1906 ሳን ፍራንሲስኮን የመሬት መንቀጥቀጥ መታት፤ ተከትሎ የተነሣው እሳት ለቀናት ከተማዋን በላ። የባለ ቤቶቹ ውል ለእሳት ይከፍላል፤ ለመሬት መንቀጥቀጥ አይከፍልም። «ቤትህ የተቃጠለው ቆሞ ሳለ ነው ወይስ ከፈረሰ በኋላ?» የሚል ክርክር መጣ። አንዳንዱ ኩባንያ ሙሉውን ከፈለ። አንዳንዱ «ከመቶ ይህን ያህሉን ውሰድና እንስማማ» አለ። ከባሕር ማዶ ከመጡት ኩባንያዎች መካከል ደግሞ አንከፍልም ብለው የሄዱ ነበሩ። የለንደኑ የሎይድስ ሰው ካትበርት ሂዝ ግን የውሉ ቃል ምንም ይበል ምን ለደንበኞቻችን ሁሉ ሙሉ ካሳ ይከፈል ብሎ አዘዘ። ሎይድስ በአሜሪካ ትልቅ ስም ያተረፈው በዚያች ትእዛዝ ነው ይባላል። (ሎይድስ በ17ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ለንደን ውስጥ በአንድ ቡና ቤት የተጠነሰሰ መሆኑን ስናስብ፣ በቡናችን በኩል ትንሽ ብንኮራ ማን ይከለክለናል!)

ይህን ሁሉ የሚመዘግብ አንድ ሰው ነበር፤ አልፍሬድ ቤስት። በ1899 ኒው ዮርክ ውስጥ የኢንሹራንስ ኩባንያዎችን አቅም የሚመረምር ድርጅት አቋቁሟል። ከእሳቱ በኋላ የትኛው ኩባንያ እንዴት እንደከፈለ ዘርዝሮ አሳተመ። በሌላ አነጋገር «ድንኳኑ በሰዓቱ ደረሰ ወይ?» የሚለውን ጥያቄ በእንግሊዝኛ ጠየቀ። «ኤ ኤም ቤስት» የሚባለው ድርጅቱ ዛሬም ለኢንሹራንስ ኩባንያዎች ደረጃ ይሰጣል።

ውሃ ከውሉ የወጣበት ዘመን

ብዙ ሰው «የቤት ኢንሹራንስ አለኝ» ሲል ቤቱ ከማንኛውም አደጋ የተጠበቀ ይመስለዋል። አይደለም። በአሜሪካ የተለመደው የቤት ኢንሹራንስ ጎርፍን አይጨምርም። ይህ የሆነው በተንኮል አይደለም፤ በፍርሃት ነው። በ1927 የሚሲሲፒ ወንዝ ሞልቶ ሰፊ አገር ካጥለቀለቀ በኋላ የግል ኩባንያዎች ከጎርፍ ሥራ ወጡ። እሳት አንድ ቤት ወይም አንድ መንደር ያቃጥላል፤ ጎርፍ ግን ደንበኞቻቸውን በአንድ ሌሊት በአንድነት ያጠፋባቸዋል። መዋጮውን የከፈለው ሰው ሁሉ በአንድ ቀን ቢሞት ድንኳኑን ማን ይተክላል?

በሴፕቴምበር 1965 ቤትሲ የተባለችው ሃሪኬን ኒው ኦርሊንስን መታች። መከላከያ ግድቦቹ ተደርምሰው ውሃው ጣሪያ ድረስ ደረሰ። ጉዳታቸው ከአንድ ቢሊዮን ዶላር ካለፈ ሃሪኬኖች የመጀመሪያዋ እሷ ናት። ቤታቸው የጠፋባቸው ሰዎች ውላቸውን ገልጠው ሲያዩ ጎርፍ የለበትም። ይህን ተከትሎ የአሜሪካ ምክር ቤት በ1968 ብሔራዊ የጎርፍ ኢንሹራንስ ፕሮግራምን በሕግ አቋቋመ። ፕሮግራሙ ዛሬም አለ፤ ለመኖሪያ ቤት እስከ 250 ሺህ ዶላር፣ ለቤት ዕቃ እስከ 100 ሺህ ዶላር ይሸፍናል።

ከዚያ ወዲህ የባሕር ዳርቻ ቤት ሁለት ጌታ አለው። ንፋስ ጣሪያውን ገንጥሎ ዝናብ ከገባ ጉዳዩ የቤት ኢንሹራንሱ ነው። ውሃ ከመሬት ተነሥቶ በበር ከገባ ጉዳዩ የጎርፍ ኢንሹራንሱ ነው። በቴክሳስ ዳርቻ እንደ ጋልቨስተን ባሉ ቦታዎች ደግሞ ሦስተኛ ይጨመራል። በ1970 ሲሊያ የተባለችው ሃሪኬን ካለፈች በኋላ ኩባንያዎች ከዳርቻው ሲሸሹ፣ ክልሉ በ1971 ለንፋስና ለበረዶ ጉዳት ብቻ የሚያገለግል ማኅበር አቋቋመ። አንድ ቤት፣ ሦስት ውል! ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ የጎደለው የሚታወቀው አደጋው ከደረሰ በኋላ ነው።

ያልታመነው ፋክስ

ወደ ፍሎሪዳ እንሻገር። በ1970ዎቹና በ80ዎቹ የፍሎሪዳ ሰማይ በአብዛኛው ጸጥ ብሎ ነበር። ሕዝቡ ወደ ዳርቻው ይጎርፋል፤ ቤት በጥድፊያ ይሠራል፤ ኩባንያዎች ያለፉትን ጥቂት ዓመታት አማካይ እያዩ በርካሽ ይሸጣሉ። ኦገስት 24 ቀን 1992 ንጋት ላይ አንድሩ ደረሰ። ከማያሚ በስተደቡብ ያለችው የሆምስቴድ ከተማ ፈራረሰች። በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ቤቶች ወደሙ። ፍርስራሹ ሲመረመር በምስማር በወጉ ያልተመቱ ጣሪያዎች ተገኙ።

ካረን ክላርክ የምትባል ባለሙያ የአደጋ ኪሳራን በኮምፒዩተር የሚያሰላ ኩባንያ በ1987 አቋቁማ ነበር። አንድሩ በመታበት ዕለት ኪሳራው ከ13 ቢሊዮን ዶላር ሊበልጥ እንደሚችል አስልታ ለደንበኞቿ ፋክስ ላከች። ብዙዎቹ የተጋነነ ነው አሉ። ሒሳቡ ሲዘጋ ኩባንያዎቹ የከፈሉት ወደ 15.5 ቢሊዮን ዶላር ሆነ። አሥራ አንድ ያህል ኩባንያዎች ከሰሩ። ትልልቆቹም ቢሆኑ ተንገዳገዱ፤ ኦልስቴት በአንዲት ሌሊት ንፋስ የከፈለው በፍሎሪዳ በቆየባቸው አሥርት ዓመታት ካተረፈው ይበልጥ ነበር።

ከአንድሩ በኋላ ፍሎሪዳ ሌላ አገር ሆነች። ክልሉ በ1993 ኩባንያዎች በከባድ ሃሪኬን ጊዜ የሚደገፉበት የመጠባበቂያ ፈንድ አቋቋመ። በ2002 ከሌላ ቦታ ውል ያጡ ሰዎች የሚጠጉበት ሲቲዝንስ የተባለ በሕግ የተቋቋመ ኩባንያ ተፈጠረ። በዚያው ዓመት ለክልሉ በሙሉ የሚሠራ ጠንካራ የሕንፃ ደንብ ሥራ ላይ ዋለ። ለባለ ቤቱ ግን ከሁሉም በላይ የተለወጠው በውሉ ላይ ያለች አንዲት ምልክት ናት፤ ፐርሰንት።

ካሳ ከመጀመሩ በፊት ከራስ ኪስ የሚወጣው ገንዘብ «ዲደክተብል» ይባላል። ከአንድሩ በፊት የተወሰነ የዶላር መጠን ነበር። ከአንድሩ በኋላ ለሃሪኬን ጉዳት በመቶኛ እንዲሰላ ሆነ፤ 2፣ 5 ወይም 10 በመቶ። መቶኛው የሚሰላው ደግሞ ከጉዳቱ ሳይሆን ቤቱ ኢንሹራንስ ከተገባበት ዋጋ ነው። በ400 ሺህ ዶላር ኢንሹራንስ የተገባ ቤት 5 በመቶ ማለት 20 ሺህ ዶላር ነው። የጣሪያው ጉዳት 18 ሺህ ከሆነ ባለ ቤቱ ከኩባንያው የሚያገኘው ምንም የለም። አረቦኑ ለምን እንደረከሰ ያልገባው ሰው ብዙ ጊዜ መልሱን እዚህች መስመር ላይ ያገኘዋል።

አራት በአንድ ክረምት

በ2004 ፍሎሪዳን በኦገስትና በሴፕቴምበር ብቻ አራት ሃሪኬኖች መቷት፤ ቻርሊ፣ ፍራንሲስ፣ አይቫንና ጂን። ጣሪያው በቻርሊ የተገነጠለ ሰው ዲደክተብሉን ከፍሎ ሳይጨርስ ፍራንሲስ መጣች፤ ለእሷም ሌላ ዲደክተብል። ጩኸቱ ስለበረታ ክልሉ ሕጉን አሻሻለ፤ ከአንድ ኩባንያ ጋር እስከቆዩ ድረስ የሃሪኬን ዲደክተብል በዓመት አንዴ ብቻ እንዲሆን። ልብ በሉ፤ ይህቺ መብት የተገኘችው ሁለትና ሦስት ጊዜ በከፈሉ ሰዎች ኪሳራ ነው። በ2006 ደግሞ በእነዚህ ሁለት ዓመታት ንፋስ የደቀቀው የፖ ፋይናንሻል ግሩፕ ኩባንያዎች ወደቁ። በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ደንበኞች ሌላ መጠለያ ፈለጉ።

ንፋስ ነው ወይስ ውሃ?

ኦገስት 29 ቀን 2005 ካትሪና ሉዊዚያናንና ሚሲሲፒን መታች። በሚሲሲፒ ዳርቻ ከቤቱ የቀረው የሲሚንቶ መሠረት ብቻ የሆነበት ሰው ብዙ ነው። ቤቱን የወሰደው ማን ነው? ንፋሱ ከሆነ የቤት ኢንሹራንሱ ይክፈል። ከባሕር የተገፋው ውሃ ከሆነ የጎርፉ ይክፈል። ምስክር የሚሆን ግድግዳ እንኳ አልቀረም። ብዙ ውሎች ውስጥ ደግሞ ቁጥር የማይገባት አንዲት አንቀጽ ነበረች፤ ንፋስና ውሃ ተባብረው ላደረሱት ጉዳት አንከፍልም የምትል።

ይህ ነገር ድሃና ሀብታም አልለየም። የሚሲሲፒው ሴናተር ትሬንት ሎት ፓስካጉላ ውስጥ ያለ ቤታቸው ሲጠፋ ከኩባንያቸው ከስቴት ፋርም ጋር በዚሁ ጉዳይ ተካሰሱ፤ ክርክሩ በ2007 በስምምነት አለቀ። በዚያው ዓመት አንድ የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት በሌላ ጉዳይ አንቀጿን ተቀበላት። በ2009 የሚሲሲፒ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደግሞ ውሃው ከመድረሱ በፊት ንፋሱ ላፈረሰው ኩባንያው ይከፍላል በማለት አጠበባት። የጎርፍ ፕሮግራሙም በበኩሉ ከ17 ቢሊዮን ዶላር በላይ ከመንግሥት ግምጃ ቤት ለመበደር ተገደደ። ሴናተር ይህን ያህል ከተንገላታ፣ ቋንቋው ገና ያልተፈታለት አዲስ ነዋሪ ምን ይዋጠው?

ሂውስተን፣ 2017

ሃርቪ በኦገስት 2017 መጨረሻ ቴክሳስ ገብቶ አልሄድ አለ። ለቀናት በአንድ ቦታ ላይ ዘነበ። በአንዳንድ ሥፍራ የወረደው ዝናብ ከአንድ ሜትር ተኩል በላይ ነበር። ሂውስተን በምትገኝበት በሃሪስ ካውንቲ ወደ 154 ሺህ ቤቶች ውሃ ገባባቸው። ከእነዚህ የጎርፍ ኢንሹራንስ የነበራቸው ከሲሶ ብዙም አይበልጡም። የሚበዙት ካርታ ላይ ለጎርፍ አደገኛ ተብሎ ከተከለለው ቦታ ውጭ ነበሩ። ባንክ ብድር ሲሰጥ የጎርፍ ኢንሹራንስ የሚያስገድደው በተከለለው ቦታ ነው፤ «ባንኩ ካላስገደደኝ አያስፈልገኝም» ያለ ሰው ሁሉ ካርታውን አመነ። ውሃው ግን ካርታ አያነብም።

ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው። ኢንሹራንስ የሌለው ሰው የሚያስበው «መንግሥት ይረዳኛል» ብሎ ነው። የፌዴራሉ የአደጋ ድርጅት፣ ፌማ፣ ለቤተሰብ የሚሰጠው የገንዘብ ርዳታ ቤት ጠግኖ የሚጨርስ አይደለም። ከዚያም በላይ ለማን እንደሚሰጥ ሕግ አለው፤ ዜጋ፣ ግሪን ካርድ ያለው፣ ስደተኛነቱ ወይም ጥገኝነቱ የጸደቀለትና መሰል ሰው ይፈቀድለታል። በተማሪ ወይም በጊዜያዊ የሥራ ቪዛ ያለ ሰው በራሱ ስም አያገኝም። ኢንሹራንስ ለመግዛት ግን ዜግነት አያስፈልግም፤ የጎርፉ ፕሮግራምም ዜግነት አይጠይቅም። ስለዚህ ለውጭ ዜጋ ኢንሹራንሱ ከብዙ አማራጮች አንዱ ሳይሆን ብቸኛው ሊሆን ይችላል።

ያማረ ሰርተፊኬት

የመጨረሻው ምዕራፍ ቅርብ ነው። በ2022 ፍሎሪዳ ውስጥ በርካታ ኩባንያዎች ከሰሩ፤ አንዳንዶቹ በሴፕቴምበር 28 ኢያን የተባለው ሃሪኬን ከመምጣቱም በፊት። በ2023 መጀመሪያ ሌላ ተከተለ። የሚገርመው ከወደቁት መካከል ብዙም ሳይቆይ ቀደም ብሎ ከደረጃ ሰጪ ድርጅት «ኤ» የተሰጣቸው መኖራቸው ነው። በፍሎሪዳ ላሉ ትናንሽ ኩባንያዎች ደረጃ የሚሰጠው ብዙውን ጊዜ ዴሞቴክ ነው፤ የቤስት «ኤ» እና የዴሞቴክ «ኤ» በአንድ ሚዛን የተለኩ አይደሉም። በሲቲዝንስ የተጠለሉት ውሎችም በ2023 ወደ 1.4 ሚሊዮን ወጥተው ነበር፤ ኋላ ላይ ቀንሰዋል።

እንግዲህ ምን እንጠይቅ?

እስካሁን ያወራነው ሁሉ ወደ ጥቂት ጥያቄዎች ይጠቃለላል። እያንዳንዷ ጥያቄ የአንድ አውሎ ንፋስ ውርስ ናት።

ከሳን ፍራንሲስኮና ከኢያን፦ ኩባንያው ከማን ምን ደረጃ አለው? ባለፈው ከባድ አውሎ ንፋስ ጊዜ እዚህ ክልል ውስጥ ነበር? የክልሉ የኢንሹራንስ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ፈቃዱንና የቀረበበትን አቤቱታ ያውቃል፤ መጠየቅ በነፃ ነው። «ሰርፕላስ ላይን» የተባለ ኩባንያ ከሆነ ደግሞ ቢከስር በፍሎሪዳም ሆነ በቴክሳስ የክልሉ የዋስትና ፈንድ እንደማይደርስለት ማወቅ ያስፈልጋል።

ከቤትሲ፣ ከካትሪናና ከሃርቪ፦ ንፋስ በውሉ አለ? ጎርፍስ? የጎርፍ ፕሮግራሙ ውል በመደበኛው ከተገዛ ከ30 ቀን በኋላ ነው የሚጸናው። ስም የወጣለት አውሎ ንፋስ ሲቃረብ ደግሞ ኩባንያዎች አዲስ ውል መሸጥ ያቆማሉ። ዜናውን ሰምቶ መሮጥ ዋጋ የለውም።

ከአንድሩና ከ2004፦ የሃሪኬን ዲደክተብሉ ስንት ፐርሰንት ነው? በዶላርስ ስንት ይሆናል? ያን ገንዘብ ነገ ጠዋት ማውጣት እንችላለን? ጣሪያው የሚካሰው በአዲስ ዋጋ ነው ወይስ እርጅናው ተቀንሶ? እርጅናው ከተቀነሰ የ20 ዓመት ጣሪያ ካሳው እፍኝ አይሞላም። በፍሎሪዳ ቤቱ ንፋስ የመቋቋም አቅሙ በባለሙያ ተመርምሮ ብቁ ከሆነ አረቦን ይቀነሳል፤ ይህን ሳይጠይቁ የሚከፍሉ አሉ።

የመጨረሻዋ ጥያቄ የእኛ ሰዎች ናት። ለሠርግ ወይም ለለቅሶ አገር ቤት መጥቶ ሦስት ወር የሚቆይ ብዙ ነው። በብዙ ውሎች ቤቱ 30 ወይም 60 ቀን ባዶ ከቆየ የተወሰነ ሽፋን ይቋረጣል። ቤቱን ለዘመድ አከራይቶ መሄድም ውሉን ሊያፈርስ ይችላል፤ ለኪራይ ቤት የተለየ ውል አለ። ከመሄድ በፊት በጽሑፍ ማሳወቅና መልሱን በጽሑፍ መቀበል ነው። ክፍያውም እንዳይቋረጥ፤ ከተቋረጠ ባንኩ ራሱ ውድ ኢንሹራንስ ገዝቶ ሒሳቡን ለባለ ቤቱ ይልካል፤ ያ ውል በዋናነት የሚጠብቀው የባንኩን ብድር ነው። የቤት ዕቃን በስልክ ቪዲዮ ቀርጾ ደረሰኙን ሌላ ከተማ ላለ ዘመድ መላክም ወጪ የለውም።

ርካሽ ውል ሁሉ መጥፎ ነው አላልንም። አረቦን በየዓመቱ ሲጨምር የቤተሰብ ጉሮሮ እንደሚዘጋም እናውቃለን። የምንለው አንድ ነገር ነው፤ እነዚያ ደቃቅ ፊደላት ከቢሮ የወጡ አይደሉም። ከእያንዳንዱ አንቀጽ ጀርባ ቤቱ የፈረሰበትና ካሳ የተከለከለ ሰው አለ። የአገሬው ሰው በትዝታው ያነባቸዋል፤ እንግዳው ግን በዓይኑ ማንበብ አለበት፤ ያውም ከጁን በፊት።

ሂውስተን ዘመድ ያላችሁ ዛሬ ስትደውሉ ከሰላምታው ቀጥሎ «የጎርፉንስ ገባችሁ ወይ?» በሏቸው። ቸር ያክርመን።